በጽጌ ወር የተጋገረው ፓይ

ያኔ የአዲስ አበባ ነገር ሁሉ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ የሚደርሰው በበቅሎ ጀርባ ነበር፤ ስኳሩም፣ ጋዜጣውም፣ ወሬውም። የፊታውራሪ አበጀ ልጅ የሻረግም የሴቶች ትምህርት ቤቷን ጨርሳ የተመለሰችው በዚያው በበቅሎ ጀርባ ነው። በሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጎድጓዳ የብረት ሳህንና በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር ነበረ። በራሷ ውስጥ ፈረንጅ መምህርቷ ያስተማረቻት ፓይ የሚባል ምግብ ነበረ። በልቧ ውስጥ ደግሞ ይሁኔ።

ይሁኔ እዚያው መካነ ኢየሱስ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ሰውየው ጋይንቴ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። ከየሻረግ ጋር የተያዩት ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነበር። እሷ እንጆሪ ልትለቅም እጇን ሰዳ ነጠላዋ እሾኽ ያዘው። እሱ በመንገድ ሲያልፍ አየና ቅርንጫፉን በባዶ እጁ ደግፎ ያዘላት። ነጠላዋ እስኪላቀቅ ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሲላቀቅም አልተነጋገሩም። ብቻ ሁለቱም ከዚያ ለመሄድ የማይገባ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲያ እሷ አዲስ አበባ፣ እሱ እስቴ ሆነው በነጋዴ እጅ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ከረሙ።

አሁን ይሁኔ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። ወሬው ፊታውራሪ ጆሮ ሲደርስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ፣

«አባቱ ሊቅ ናቸው፤ አልክድም። መሬታቸው ግን ከመቋሚያቸው ጥላ አይበልጥም» አሉ። «ቢሆንም ሽማግሌ ሊልክብኝ የሚያስብ ሰው በፊት ማዕዴ ላይ ይታይ። ሰው የሚታወቀው ሲበላ ነው። ሐሙስ ይምጣ። ደስ ካለኝ እሑድ ሽማግሌዎቹን እቀበላለሁ፤ ካላለኝ ደጄን አይርገጡት።»

ለየሻረግ ዕድሜ ልኳ በዚያች ሐሙስ ላይ ተንጠለጠለ።

ሐሙስ ጧት የቤቱ ወጥ ቤት ፋንቱ ወደ ማድ ቤት ስትገባ የሻረግን በሦስት ሰፌድ መካከል ተቀምጣ አገኘቻት። በአንዱ እንጆሪ፣ በአንዱ ጠቁሮ የበሰለ አጋም፣ በሦስተኛው ቀይ ቀጋ።

«የሻሬ! ይኸ ነው ለእንግዳው የሚቀርበው? የእረኛ ምሳ?»

«ቆይ ታያለሽ፣ እትዬ ፋንቱ።»

«ምን አያለሁ! አጋም በፊታውራሪ መሶብ! ሰውየው ወፍ መሰለሽ እንዴ?»

የሻረግ ቀጋውን አንድ በአንድ እየሰነጠቀች የውስጡን ፀጉራም ፍሬ በቢላ ጫፍ ትጠርጋለች፤ እሱ ከቀረ ጉሮሮ ይበላል። እንጆሪው ሲነካ ይፈርሳልና በመጨረሻ አስገባችው። አጋሙን ከስኳርና ከነጭ ማር ጋር በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ እጇ እስከ አንጓዋ ወይን ጠጅ ሆነ። ከዚያ በወንፊት ሁለቴ የተነፋውን የስንዴ ዱቄት በገበታ ዘረገፈችና ከሌሊቱ ብርድ ጋር ውጭ ያደረውን ለጋ ቅቤ ቆራርሳ ጨመረችበት።

«አምጪው ላሙቀው» አለች ፋንቱ።

«ተይው! ከሞቀ ተበላሸ። ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው ከዱቄቱ ጋር የሚፈተገው።»

«ቀዝቃዛ ቅቤ፣ ቀዝቃዛ ውሃ… ደግሞ ሳታቦኪው? ሳይቦካ?»

ሊጡ በአረቄ ጠርሙስ ሲዳመጥ ፋንቱ እጇን በወገቧ አድርጋ ቆመች። «እንግዲህ ጥጥ ብቻ ሳይሆን ሊጥም ሲዳመጥ አየሁ» አለችና ሳቀች፤ የሻረግም ሳቀች። ከሊጡ እኩሌታውን በሳህኑ ውስጥ አነጠፈች፤ ፍሬውን ሞላችበት፤ የቀረውን ሊጥ እንደ አልጋ ጠፍር እየቀደደች አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች ሠራችው። ሳህኑም እንደ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች ፍም ተደረገለት።

ወሩ ጽጌ ነበር። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የወደደ ይጾመዋል፣ ያልወደደ አይጠየቅም። በፊታውራሪ ቤት የሚጾመው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለቤቱ ሰውና ለእንግዳው በግ ታረደ፤ አብረው ለሚመገቡት ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ገብረ ሕይወት ብቻ ሽሮና ምስር ለብቻ ተሰናዳ፤ ምሳውም ለእሳቸው ሲባል ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተገፋ።

የፍሬው ሽታ ከፍሙ ሥር መውጣት ሲጀምር ፋንቱ ሳታስበው ተጠጋች። አጋሙ፣ ማሩ፣ የሚቁላላው ቅቤ… «ይኸንስ ማን ነው የሚበላው?» አለች በቀስታ።

«ሁሉም።»

«ሁሉም ነው ያልሽው?»

የሻረግ እጇን ልትታጠብ ወደ ውጭ ወጣች። ውሃው እጇ ላይ እየቀላ ሲወርድ፣ ያ ቅርንጫፍ፣ ያ እሾኽ፣ ያ ዝምታ ትዝ አላት፤ ገና ያልመጣውን ቀን ከአሁኑ እንደሚናፍቅ ሰው ሆነች።

ይሁኔ ነጭ ጃኖ ለብሶ መጣ፤ ከደጃፉ ጀምሮ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ሁለት መሶብ ጎን ለጎን ቀርቦ ነበር፤ አንዱ የሥጋ፣ አንዱ የቄሱ። ፊታውራሪ «ና ወዲህ መምህር» ሲሉ ይሁኔ ፈራ ተባ አለ።

«ጌታዬ፣ ቢፈቅዱልኝ ከአባታችን ጋር ልቁረስ። ካህን ቤት ነው ያደግሁት፤ ቄስ ለብቻቸው ሲበሉ ማየት አልለመደብኝም።»

«ሥጋ ትተህ ወደ ምስር?» ፊታውራሪ ሳቁ። «ይኸን ሥርዓት ያስተማሩህ አባትህ ይባረኩ፤ እኔ ግን ከዚህ መሶብ አልንቀሳቀስም!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጊቱ ልጁን በሞገስ ዓይን አዩት። የሻረግ በመጋረጃው በኩል ስታይ ልቧ ሞላ፤ አቀማመጡ ልከኛ፣ ንግግሩ ልከኛ። ነገሩ ሊሳካ ነው።

በመጨረሻ ሳህኑን ራሷ ይዛ ገባች።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? የፈረንጅ ድፎ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ፓይ ይባላል፣ አባባ።»

«ጣራው ምነው መስኮት በዛበት?»

«ፍሬው እንዲተነፍስ ነው።»

«ፍሬ ይተነፍሳል? አዲስ አበባ ይኸን ነው የሚያስተምሯችሁ!»

በቤቱ ወግ መሠረት አስቀድማ ከመሐሉ ቆርሳ ራሷ ቀመሰች። ከዚያ ለአባቷ፣ ለእናቷ፣ ለእንግዳው ሰጠች። ቄስ ገብረ ሕይወት «እኔ ጽጌ ላይ ነኝ፤ ዓይኔ ይብላ» ብለው በመቋሚያቸው ተደገፉ።

ፊታውራሪ አንድ ጎረሱ። ሌላ ጎረሱ። ወይዘሮ ደጊቱ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጅ ሆኜ ከውሃ ስመለስ እንስራዬን አውርጄ ይኸን አጋም ስለቅም፣ እናቴ በዘገየሁ ቁጥር ትቆጣኝ ነበር» አሉ። «ለካ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ።»

ይሁኔ ቁራሹን ሲቀበል ፊቱ በራ። ስንዴና ፍሬ ነው፤ በእሷ እጅ የተሠራ ነው። ወደ አፉ አቀረበው። ከንፈሩ ሊነካው ሲል ቆመ። ለጋው ቅቤ አፍንጫው ገባ። የፊቱ ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ። ቁራሹንም እንዳለ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በቅቶኛል» አለ።

የፊታውራሪ እጅ ከመሶቡ በላይ ቆመ።

«አሸተትኸው» አሉ ፊታውራሪ። «አይቻለሁ። አሸተትህና አስቀመጥኸው።»

«ጌታዬ፣ እኔ…»

«ልጄ ዓይንህ እያየ ቀምሳልሃለች። አሁንም መድኃኒት ፈራህ?»

«ኧረ በፍጹም! እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤም የለ።»

«እንግዲያ ብላ።»

«አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

ይሁኔ አንገቱን ደፋ።

«ገባኝ» አሉ ፊታውራሪ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ይልቁን ወረደ። «የደብተራ ልጅ ሰው ሁሉ እንደ ሰፈሩ ቅጠል የሚበጥስ ይመስለዋል። የኔ ልጅ ባል አጥታ በመስተፋቅር የምትይዝህ መሰለህ። ውሃ አምጡ! እንታጠብ።»

ምሳው በዚሁ አለቀ፤ የሻረግም ሳህኑን አንሥታ ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመለሰች። ይሁኔ ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ መጋረጃው ቀና አለ። የሻረግ አየችው፤ እሱ ግን አላያትም። ስድቡ አልነበረም የቆረጣት፤ መድኃኒቱም አልነበረም። የቆረጣት ወደ ከንፈሩ ከቀረበ በኋላ መመለሱ ነው። መጀመሪያውኑ ባይቀበለኝ በተሻለኝ፣ አለች በልቧ።

ቄስ ገብረ ሕይወት ይሁኔን ከግቢው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ደረሱበት።

«አንተ ልጅ፣ ቀስ በል፤ እግሬ እንዳንተ አይደለም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ «ጽጌን ይዘሃል» አሉት።

«ማን ነገረዎ አባቴ?»

«ምስሬን ጨርሰህብኝ ማን ይነግረኛል! እንደዚያ ምስር የሚበላ የተራበ ጾመኛ ብቻ ነው።» ሳቅ ሊሉ ብለው ተዉት። «ለምን አልተናገርህም? አንዲት ቃል ነበረች።»

ይሁኔ ወደ ማዶ፣ ወደ ጋይንት ተራሮች ተመለከተ። «ወላጅ አባቴ የፈቃድ ጾም በሰው ጆሮ ሲገባ ይፈሳል ይሉኝ ነበር። ደግሞም ስእለት ነው። እመቤቴን፣ የዚህን ቤት በር ክፈቺልኝ፣ ጽጌሽን ለማንም ሳልነግር እጾምልሻለሁ ብያለሁ። ብናገር ለምን ያዝኸው ይሉኛል፤ ለልጅዎ ስል ነው እንዴት እላለሁ? ስሟን በአባቷ ማዕድ ላይ?»

ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «በሩን እንዲከፍትልህ የያዝኸው ጾም በሩን ዘጋብህ።»

«ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ያችን ቁራሽ እበላታለሁ።»

«ስእለትህንስ?»

«የእመቤቴ ይቅርታ ሰፊ ነው አባቴ። የፊታውራሪን ግን አላውቅም።»

ቄሱ ይህን ሰምተው አልገሠጹትም፤ አላጽናኑትምም። «ያንተን ነገር ያንተው አፍ ካላወጣው ከእኔ አፍ አይወጣም» ብለው ብቻ መስቀላቸውን አሳልመውት ወጡ። ይሁኔ ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ልጅ ሆኖ ዜማ ሲስት አባቱ ዝም የሚሉትን ዝምታ አስታወሰ፤ ዛሬም ምሳውን ሁሉ አሳምሮ ዘልቆ መጨረሻው ቃል ላይ እንደ ሳተ ተሰማው፤ አባቱም ናፈቁት።

ዓርብ ፊታውራሪ ለሽማግሌዎቹ «እሑድ እንዳትመጡ» የሚል ቃል ላኩ። የሻረግ መልእክተኛው በቅሎ ሲጭን በመስኮት አየች። የይሁኔን ቁራሽ ግን ማንም እንዳይነካው በሰፌድ ከድና አኖረችው።

«ለውሻ ስጪው እንጂ፣ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለች ፋንቱ።

«ተይኝ እትዬ ፋንቱ።»

«ልቅሶ አለብን እንዴ እዚህ ቤት? ሞልቶ የለ ወንድ!»

የሻረግ ፈገግ ልትል ሞክራ አልቻለችም። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት መኝታ ክፍል ትዝ አላት፤ ሌሎቹ ልጃገረዶች ሲተኙ የእሱን ደብዳቤ ደግማ ደጋግማ የምታነብበት። ያኔ ሩቅ ነበረ፤ ግን የእሷ ነበረ። አሁን እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ደወል እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ደወሉ በተደወለ ቁጥር ግን ይበልጥ እየራቀ ይሄድባታል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይሁኔ ሳይጠራ መጣ። ፊታውራሪ በግቢው ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ወይዘሮ ደጊቱ ከጎናቸው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ደግሞ ምን ፈለግህ?» አሉት ፊታውራሪ።

«ሐሙስ ያስቀመጥኋትን ልበላ መጣሁ፣ ጌታዬ።»

«ሆድህ ተከፈተ?»

«ጥፋቴን ልክስ ነው። ካለች ትምጣልኝ።»

ፊታውራሪ ወደ ቤቱ ድምፃቸውን ሰደዱ። «የሻረግ! ያችን ቁራሽ አምጪ፤ ማስታጠቢያውንም።»

ወጣች። ፊቷን አላዞረችለትም። ቁራሹን በትንሽ ሳህን ፊቱ አኖረችና ማንቆርቆሪያውን አነሣች። እሱ እጁን ዘረጋ። ለማፍሰስ ጎንበስ ስትል ፊቱ ከፊቷ አንድ ክንድ አልራቀም፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። ለእሷ አልነበረም የሚናገረው። ግን ሰማች።

«እመቤቴ፣ ስለ እሷ የጀመርሁትን ስለ እሷ አፈርሰዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

ውሃው ከእጁ አልፎ መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ እሷ አላወቀችም። ወደ ቄሱ መሶብ መዞሩ፣ ምስሩ፣ ለጋው ቅቤ፣ ወሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። እሱ እጁን አራግፎ ቁራሹን አነሣ።

ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። በሁለት እጇ የእጁን አንጓ ያዘችው።

«አይብላ! አባባ፣ አይብላ! ጾመኛ ነው!»

ወይዘሮ ደጊቱ እንዝርታቸውን ጣሉ። በዚያ ግቢ፣ በአባቷ ፊት፣ ያልታጨች ልጅ የወንድ እጅ ስትይዝ ታይቶ አያውቅም።

«ምን አልሽ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ጽጌን ይዟል። ቅቤ ሆኖበት ነው እንጂ…» አንጓውን ይበልጥ ጨበጠች። «እኔ ነኝ በቅቤ የሠራሁት። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።»

«እውነት ነው መምህር?»

ይሁኔ ዓይኑን ወደ ቁራሹ ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ ምነው አንደበትህ ተቆለፈ? ከእኔ ቤት ሽሮ ጠፍቶ ነው?»

«አይነገርም እኮ» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ በቀስታ። «የፈቃድ ጾም የነገሩት እንደሆነ ምኑ ጾም ሆነ?»

«ዛሬ ልታፈርሰው ነው የመጣኸው?» አሉ ፊታውራሪ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ለእኔ ብለህ?»

ይሁኔ ቀና አለ። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ጌታዬ።»

የፊታውራሪ ጢም ተንቀሳቀሰ፤ ቁጣ ይሁን ሳቅ አልለየም። «እንግዲያ ስለ ማን ነው የያዝኸው?»

ነፋሱ የግቢውን አደይ አበባ አወዛወዘው። ከዚያ የሻረግ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ግን እጁን ሳትለቅ፣

«ስለ እኔ ነው አባባ» አለች።

ፊታውራሪ ልጃቸውን አዩ። በሕፃንነቷ በበቅሎ ከፊታቸው አስቀምጠው በእስቴ መንገድ ሁሉ ሲዞሩ፣ የፈለገችውን ነገር እንዲህ በሁለት እጇ ይዛ የማትለቅ ልጅ ነበረች። ከዚያች ልጅ ጋር ከተነጋገሩ ስንት ዓመት ሆናቸው? ደብረ ታቦር ድረስ ሸኝተዋት ሲመለሱ ያለቀሱትን ልቅሶ ከበቅሏቸው በቀር ያየ የለም።

«እጅሽን…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም።

ተነሥተው መጡ። ቁራሹን ከይሁኔ ጣቶች መካከል ራሳቸው ወሰዱና ጎረሱት። ረጅም ጊዜ አኘኩት።

«ደርቋል» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። ወደ ይሁኔ ዞሩ። «ደብተራ ብዬህ ነበር፤ ቅጠል በጣሽ ብዬህ ነበር። ምግብ በመሶቤ ላይ እያለ ያን ማለት አልነበረብኝም። መሪጌታ ቢሰሙት ኖሮ በየትኛው ዜማ ይረግሙኝ ነበር?»

«አባቴ መራገም አያውቁበትም፣ ጌታዬ። ሲቆጡም ያዜማሉ።»

ፊታውራሪ አሁን ሳቁ፤ ወይዘሮ ደጊቱም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«ለሽማግሌዎቹ ሰው ይሂድ» አሉ ፊታውራሪ። «ነገ እንደቀረ ይቅር። በቁስቋም ማግስት ይምጡ። የተራበ አማች በደጄ አላቆምም፤ ጾሙን ጨርሶ ይምጣ።»

ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ ባለቤታቸውም እንዝርታቸውን አንሥተው፣ ወደ ኋላ ላለማየት እየተጠነቀቁ ተከተሏቸው። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

የሻረግ እጁን እስካሁን እንደያዘች ያወቀችው ያኔ ነው። ደም ፊቷን ሞላው። ማንም ሳያዝዛት፣ ሳትወድ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች። ይሁኔ ግን ክንዱን ከነበረበት አላወረደውም፤ አሁንም የያዘችው ያህል፣ በአየሩ ላይ እንደተዘረጋ ቆየ።